ደም ሲሰቀል አብራ የምትቀመጠው ሲስተር

በዛወርቅ ወልደ ጊዮርጊስ ቦንጋ ተወልዳ ቦንጋ ያደገች፣ በነርስነት ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገለች ሴት ናት። አያቷ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ከመንዝ የመጡ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ቢሆንም ጎረቤቱ ሁሉ ካፊኖኖ ስለሚናገር፣ አፏን የፈታችው በሁለቱም ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል። እናቷ ገበያ ሲወጡ እሷን ይዘው የሚሄዱት እቃ እንድትሸከምላቸው ሳይሆን እንድታስተረጉምላቸው ነበር።

በምትሠራበት ሆስፒታል የምትታወቀው ግን በአንድ ልማዷ ነው። ለበሽተኛ ደም በተሰቀለ ቁጥር ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ትቀመጣለች። የእጅ ሰዓቷን አውልቃ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጣለች፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከዚያ የሚያስነሳት የለም። ስልኳ ቢጮህ አታነሳም። ኃላፊ ቢያስጠራት «ደም ላይ ነኝ በሉልኝ» ትላለች። አዲስ የተቀጠሩ ነርሶች መጀመሪያ መጀመሪያ ይገረማሉ። ሥራው ተደራርቦ ሰው መተንፈሻ ባጣበት ክፍል ውስጥ፣ አንዲት አንጋፋ ነርስ ከበሽተኛ ጋር ቁጭ ብላ ስለ ማሳውና ስለ ልጆቹ ስታወራ ላያት ሰው ሥራ የሸሸች ትመስላለች። እሷ ግን የምታወራው ድምፁን ለመስማት ነው። የሚያወራ ሰው ትንፋሹ ሲያጥር ወሬው ይቆራረጣል። የተጨነቀ ሰው የጀመረውን ሳይጨርስ ወደ ጣሪያው ያያል። ክንዱን ማከክ የጀመረ ሰው ማከኩን ራሱ ሳያውቀው እሷ ታይበታለች።

በነዚህ ዓመታት ብዙ አይታለች። አንዳንዱ ቆዳው ሽፍ ይልበትና ያሳክከዋል፤ ደሙ ለጊዜው ቆሞ መድኃኒት ሲሰጠው ይሻለዋል፣ ሐኪሙ ሲፈቅድም ይቀጥልለታል። አንዳንዱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ብቻ ይይዘዋል። ልባቸው የደከመ ሽማግሌዎች ደግሞ ደሙ ራሱ ምንም ሳይጎድለው፣ ፈጥኖ ስለገባ ብቻ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የመጨረሻው ዓይነት ከሁሉም የሚከፋው ነው፤ የማይገጥም ደም የገባበት ሰው። እሱ ሲጀምር ከሌሎቹ ብዙም አይለይም። በዛወርቅ ይህን ያወቀችው ከመጽሐፍ አልነበረም።

በሥራ ሁለተኛ ዓመቷ ላይ፣ በሌላ ጤና ተቋም ስትሠራ፣ ከደካ አካባቢ ከፈለኝ የሚባል ሰው በቃሬዛ መጣ። ከትልቅ ዛፍ ላይ ቀፎ ሊያወርድ ወጥቶ ቅርንጫፍ ከድቶት የወደቀ ሰው ነበር። ጭኑ ተሰብሮ ብዙ ደም ፈሶታል። ደም ተገኘለትና ተሰቀለለት። በዛወርቅ ሰቅላ ሁለት እርምጃ ራቅ እንዳለች ጠራት።

«እህቴ፣ ይሄ ነገር አልጣመኝም» አላት።

«አይዞህ፣ ጋሼ። አሁን ደህና ትሆናለህ።»

«ወገቤን ይዞኛል። ልቤም ፈራ።»

ሰውየው ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያን ሰሞን ክፍሉ በወባ በሽተኞች ተሞልቶ ስለነበር መንቀጥቀጥ ብርቅ አልነበረም። ወገቡ ቢያመው ከዛፍ የወደቀ ሰው ነው። ፍርሃቱንም የቆሰለ ሰው ፍርሃት አደረገችው። ብርድ ልብስ ደረበችለት፣ የትኩሳት ክኒን ሰጠችውና ወደ ሌላ አልጋ ሄደች። ደሙ ጠብ ጠብ እያለ እስከ መጨረሻው ወረደ። ማታውን ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ ሆነ፤ በማግስቱ ጭራሹን ቆመ። በአምስተኛው ቀን ሰውየው አረፈ። የደም ዓይነቱ እንዳልገጠመ የታወቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የላቦራቶሪው መዝገብ በሌላ ምክንያት ሲገላበጥ ነው። የሞቱ ምክንያት ግን አስቀድሞ «ከከፍታ መውደቅ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ማንም አላረመውም።

ሚስቱ ውባየሁ ከወር በኋላ መጣች። ባሏ በታመመ ጊዜ ልብሱን ስለቀየረችለት፣ ከንፈሩን ስላረጠበችለት በዛወርቅን ልታመሰግን ነው የመጣችው። በቅል የታሸገ ማር ይዛ ነበር። በዛወርቅ እውነቱን ልትነግራት አስባ፣ ሳትነግራት ቀረች። ማሩን ተቀበለች። ቤት ወስዳ ለእናቷ ሰጠች፤ «አንቺስ?» ሲሏት ጥርሷን እንደሚያማት ነገረቻቸው። ውባየሁን ዳግመኛ አላየቻትም። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ደም በተሰቀለበት አልጋ አጠገብ መቀመጥ የጀመረችው።

አሁን የምንተርከው ነገር የሆነው ባለፈው ዓመት በመስከረም፣ ዝናቡ ገና ሙሉ በሙሉ ሳያባራ ነው። በሺሺንዳ በኩል ካለ ቀበሌ ዝማሬ ፈለቀ የምትባል የሃያ አራት ዓመት ወላድ በአምቡላንስ መጣች። ልጇ ደህና ቢወለድም የእንግዴ ልጁ ዘግይቶባት ብዙ ደም ፈሷታል። መድማቱ ሆስፒታል እንደደረሰች ቆመ። ደሟ ሲለካ ግን ከግማሽ በታች ወርዶ ተገኘ። ከንፈሯ ነጥቶ፣ ለመቀመጥ ስትሞክር ዓይኗ ይጨልማል። ባሏ ፍቅሩ፣ ኮረሪማና ቡና የሚያለማ ቀጠን ያለ ሰው፣ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ አጠገቧ ቆሟል።

ከዝማሬ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ አብርሆት የምትባል መምህርት ተኝታለች። የማኅፀን እጢ ቀዶ ሕክምና ተራዋን የምትጠብቅ ሴት ናት፤ ከዚያ በፊት ለእሷም ደም እንዲሰጣት ታዟል። ጠዋት የሁለቱንም የደም ናሙና የወሰደችው ሊና ናት፤ ከሶዶ ተመድባ ከመጣች ገና ስምንት ወር የሆናት፣ እጇ ፈጣን፣ በሥራዋ የማትታማ ነርስ።

ረፋዱ ላይ የዝማሬ ደም ከላቦራቶሪ መጣ። በዛወርቅና ሊና ከረጢቱን ይዘው አልጋው አጠገብ ቆሙ። አንዷ አነበበች፣ ሌላዋ አየች። ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የደም ዓይነት፣ የከረጢት ቁጥር፣ ደሙ የሚያልፍበት ቀን። ዝማሬንም «ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ» ብለው ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። አንዲት ፊደል እንኳ የተዛነፈ አልነበረም። በዛወርቅ የልብ ምቷን፣ የደም ግፊቷንና ትኩሳቷን ለክታ ጻፈች፤ ደሙን ቀስ ብሎ እንዲወርድ አድርጋ ከፈተችው። ወንበሯን ሳበች፣ ሰዓቷን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«ሕፃኑ ማንን ይመስላል?» አለቻት።

«አባቱን ነው የሚሉት። እኔ እንጃ፣ ለእኔ ገና ማንንም አይመስልም» አለች ዝማሬ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ስለ ሺሺንዳ መንገድ፣ አምቡላንሱ ጭቃ ውስጥ ስለተያዘበት ቦታ አወሩ። ዝማሬ አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ቃል እየመረጠች በእርጋታ ነው የምትናገረው። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ንግግሯን አቋረጠች። ስምንተኛው ላይ አማርኛውን ተወችውና በካፊኖኖ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጥቂት ቃላት ተናገረች።

ሊና በዚያው ስታልፍ ሰማቻት። «ምን አለች? አልጋው አልተመቻትም?» ብላ ጠየቀች።

በዛወርቅ ያንን ጥያቄ ስትሰማ እጇ ደሙን ዘግቶ ነበር። ዝማሬ ያለችው፣ በክንዴ እሳት ገባ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ልሞት ነው መሰለኝ፣ ነው።

ያን ጊዜ መንቀጥቀጡ ገና አልጀመረም። ትኩሳቱም አልወጣም። በዛወርቅ ደሙን የዘጋችው ዝማሬ በተናገረችው ብቻ ነው። «ሊና፣ ዶክተር ገሠሠን ጥሪልኝ። ሩጪ» አለች። የደሙን ቱቦ እንዳለ ከዝማሬ ክንድ ነቅላ፣ መርፌው ግን ከደም ሥሩ ሳይወጣ፣ በአዲስ ቱቦ ጨው ያለበትን ፈሳሽ ሰቀለችላት። ከረጢቱን አልጣለችም፤ ከነቱቦው ጠቅልላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ግፊቷን ስትለካ ወርዷል። የልብ ምቷ ሽቅብ ወጥቷል። ዶክተሩ ከበሩ ሲገባ ዝማሬ አልጋው እስኪነቃነቅ መንቀጥቀጥ ጀምራ ነበር።

ዶክተር ገሠሠ ወጣት ነው፤ ሲደነግጥ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጮህም። «ስንት ገባ?» አለ።

«ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው። ስምንት ደቂቃ።»

«ወረቀቱ?»

«ወረቀቱ ልክ ነው። እንደገና አየሁት፤ ሁሉም ልክ ነው።»

ይህን ስትል ነው ነገሩ የገባት። ወረቀቱ ሁሉ ልክ ሆኖ ደሙ ካልገጠመ፣ ስህተቱ ከወረቀቱ በፊት ነው ያለው፤ ጠዋት በናሙናው ብልቃጥ ውስጥ የገባው ደም የዝማሬ አይደለም ማለት ነው። የዝማሬ ካልሆነ ደግሞ የሌላ ሰው ነው። ዞር ብላ ቀጣዩን አልጋ አየች። የአብርሆት ደም መጥቶ ሌላ ነርስ ልትሰቅለው የደም መስቀያው ቋሚ አጠገብ ደርሳለች።

«ያዢው! እንዳትሰቅዪው!» አለች፤ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። «የሁለቱም ደም ወደ ላቦራቶሪ ይመለስ። ለማንም አዲስ ደም እንዳይወጣ ንገሯቸው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሥራ ብቻ ነበር። ከዝማሬ ሌላኛው ክንድ አዲስ ናሙና ተወሰደ፤ የተዘጋው ከረጢት አብሮ ተላከ። የሽንት ቱቦ ገባላትና በየሰዓቱ የሚወርደው እንዲለካ ተደረገ። የመጀመሪያው ሽንት ጥቁር ቀይ ሆኖ ሲወርድ በዛወርቅ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ፈሳሹ ሳይቋረጥ ሄደላት። ዶክተሩ ኩላሊቷን ነው የፈራው፤ የፈራረሰው የደም ሕዋስ እዚያ ገብቶ እንዳይዘጋው ሽንቷ መፍሰስ አለበት። ሁለት ሰዓት ሲቆይ መንቀጥቀጡ ተወት አደረጋት። ግፊቷም ተመለሰ። ከላቦራቶሪውም መልስ መጣ፤ ዝማሬ ኦ ናት፣ የተሰቀለላት ደም ኤ ነበር። ብልቃጦቹ ተቀያይረዋል።

ሊና ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ገብታ ታለቅስ ነበር። በዛወርቅ አጠገቧ ሄዳ ቆመች።

«ጠዋት እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ» አለቻት። «ልቆጣሽ አይደለም።»

«ከሁለቱም ደም ቀዳሁ። ስማቸውን እዚያው ልጽፍ ስል ተጠራሁ። ብልቃጦቹን ኪሴ ከተትኳቸው። ቆይቼ ጠረጴዛው ላይ ነው የጻፍኩት። ቀኝ ኪሴ የማን፣ ግራ ኪሴ የማን እንደሆነ የማውቅ መስሎኝ ነበር።»

«ማን ነው የጠራሽ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ሲስተር» አለች ሊና። «ሌላ አምቡላንስ መጣ፣ ቶሎ ነይ አሉኝ።»

በዛወርቅ አስታወሰችው። በበሩ ብቅ ብላ ነው የጠራቻት፤ ልጅቷ ብልቃጥ ይዛ ስትሠራ አይታታለች። በራሷ ላይ ቢደረግ እሺ የማትለውን ነገር በሌላ ሰው ሥራ ላይ አደረገችው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ደም ከተሰቀለ በኋላ ያለውን ደቂቃ ስትጠብቅ፣ ከመሰቀሉ በፊት ያለውን አንድ ደቂቃ ራሷ አባከነችው። እንዲህ ብላ አሰበች፤ ለሊና ግን ይህን አልተናገረችም። «ፊትሽን ታጠቢና ነይ፤ ሽንቷን የምትለኪው አንቺ ነሽ» ብቻ አለቻት።

በማግስቱ የዝማሬ ሽንት እየጠራ መጣ። ያም ሆኖ ዝማሬ አሁንም ደም ያስፈልጋታል፤ እንዲያውም ከትናንትናው ይበልጥ። ዶክተር ገሠሠ በዛወርቅን ኮሪደሩ ላይ አስቆማት።

«ሲስተር፣ ለቤተሰቡ ‹ደሙ አልተስማማትም› ብንላቸው ምን ይመስልዎታል? ዝርዝሩ ለሪፖርቱ ይቆይ። አሁን ከነገርናቸው ሁለተኛውን እሺ አይሉም። እሺ ካላሉ ደግሞ…»

«ገብቶኛል» አለች። «ግን አልተስማማትም ሲባል ጥፋቱ የገዛ ሰውነቷ ይመስላታል ዶክተር። ነገ ሌላ ወሊድ አለ፣ ሌላ ሆስፒታል አለ። ደም ለእኔ አይሆንም ብላ ትቀራለች።»

«ማን ነው ታዲያ የሚነግራቸው?»

«እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ ትንሽ አሰበና «አብረን እንግባ» አለ።

በዛወርቅ በካፊኖኖ ነገረቻቸው። የሁለት ሰው ደም መቀያየሩን፣ ያንን ያደረጉት የሆስፒታሉ ሰዎች መሆናቸውን፣ ናሙና የምትወስደውን ነርስ ከሥራዋ ላይ የጠራቻት ራሷ መሆኗን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያም ሁለተኛ ደም እንደሚያስፈልጋት፣ ካልተሰጣት ልቧ ሊደክም እንደሚችል ተናገረች።

ፍቅሩ ሕፃኑን ልጃቸውን ሊጠይቁ ለመጡት አማቱ ሰጥቶ ተነሳ። «ትናንት ልትገድሏት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እንድገመው ነው የምትሉኝ?» አለና ወጣ። የኮሪደሩ በር ከኋላው ሲዘጋ ተሰማ።

የዝማሬ ፊት እንደ ትራሱ ነጥቷል። «ባትነግሪን ኖሮ እናውቅ ነበር?» አለች።

«አታውቁም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽን?»

በዛወርቅ ነገሩ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ለማንም ያልነገረችውን፣ ከፈለኝ የሚባል ሰው እንደነበረ፣ ሚስቱ ልታመሰግናት በመጣች ጊዜ ዝም እንዳለች ነገረቻት። ረጅም አላደረገችውም። ዶክተሩ ካፊኖኖ ስለማይሰማ ምን እንደተባለ አላወቀም፤ የበዛወርቅን ፊት ሲያይ ግን ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ዝማሬ አዳመጠችና «ፍቅሩ ይመለሳል» አለች። «ሲናደድ በእግሩ ነው የሚናደደው። ዞሮ ሲመጣ ግን አንድ ነገር አድርጊለት፤ ሁሉም እሱ እያየ ይሁን።»

እንዳለችውም ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ጫማው በጭቃ ተለውሶ ተመለሰ። ምንም ሳይናገር አልጋው እግርጌ ቆመ። ሊና ናሙናውን ልትወስድ መጣች፤ በዛወርቅ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት፤ ቦታዋን ግን አልወሰደችባትም። ደሙ ተቀዳ፣ ስሙ እዚያው አልጋው ላይ ተጻፈ። ሊና ብልቃጡን ለፍቅሩ አሳየችው። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው፤ ጣቱን በፊደሎቹ ሥር እያስኬደ ጮክ ብሎ አነበበ። «ዝማሬ። ፈለቀ።» ቁጥሩንም ከካርዷ ጋር አስተያየ። አንዱ አኃዝ አጠራጥሮት እንደገና እንዲጻፍ ጠየቀ፤ ሊና ሰባቱን አጉልታ ጻፈችለት። ከዚያ ወደ ላቦራቶሪው አብሯት ሄደ፤ በሩ ላይ ቆሞ ብልቃጡን ሲቀበሏት አየ።

ደሙ ሲመጣ በዛወርቅ ሰቀለችው። ፍቅሩ በአልጋው በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላው ተቀመጡ። ማንም አላወራም፤ ዝማሬ ራሷ ናት በመጨረሻ ዝምታው የከበዳት። «ምነው፣ ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት» አለች። ፍቅሩ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። አሥራ አምስቱ ደቂቃ አለፈ፤ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ከቀትር በኋላ ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ከንፈሯ ላይ ቀለም የመጣ መሰለ፤ ወይም ሁሉም እንዲመጣ ስለተመኙ እንዲያ ታያቸው። መምህርት አብርሆትም በዚያው ሳምንት ቀዶ ሕክምናዋን በሰላም ጨረሰች።

በዛወርቅ የጻፈችው ሪፖርት አንድ ገጽ ተኩል ነበር። የሊናን ስም ከራሷ ስም በታች አስቀመጠችው። በስብሰባው ላይ ጠንካራ ቃል ተነገረ፤ ለሁለቱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። በዛወርቅ አልተቃወመችም። የጠየቀችው ነገር ቢኖር ናሙና የሚወስድ ሰው እስኪጨርስ ማንም፣ ኃላፊም ቢሆን፣ እንዳይጠራው ነው። ይህ ተፈቀደ። ሁልጊዜ ይከበራል ማለት ግን አይቻልም፤ አምቡላንስ ሲመጣ ሰው መጣራቱ አይቀርም። ሊና አሁን ስትጠራ «ቆዩ፣ እየጻፍኩ ነው» ትላለች፤ መጀመሪያ ላይ እያፈረች፣ ኋላ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ዝማሬ ከስድስት ሳምንት በኋላ ለኩላሊቷ ምርመራ ተመልሳ መጣች። ውጤቱ ደህና ነው። ጉንጯ ሞልቷል፤ ሕፃኑም በጀርባዋ ታዝሏል። ከበዛወርቅ ዘንድ ገብታ የደም ዓይነቷን በወረቀት እንድትጽፍላት ለመነቻት፤ ሌላ ጊዜ ሌላ ቦታ ብትታመም እንድታሳይ።

በዛወርቅ ጻፈችላት። የማይገጥም ደም ተሰጥቷት እንደነበርም ከሥሩ ጨመረችበት። ወረቀቱን ስትሰጣት ግን አልለቀቀችውም። «ይህን አሳዪያቸው» አለች። «ግን ይህን አይተው ብቻ እንዳይሰጡሽ። ‹እንደገና መርምሩኝ› በያቸው። እኔ የጻፍኩት ነው ብለሽ እንዳታምኚው።»

«አንቺንም?»

«እኔንም።»

ዝማሬ ወረቀቱን አራት አጥፋ ከሕፃኑ የክትባት ካርድ ጋር አስቀመጠችው። ፍቅሩ በሩ ላይ ሆኖ የሺሺንዳው መኪና እየሞላ መሆኑን ነገራት። ተነሳች፤ ሕፃኑን ከፍ አድርጋ አስተካክላ አዘለችውና ተሰናብታት ወጣች።